ሀዋሳ በብስክሌት፦ ሜዳማ መንገድና መኪና የማይበዛበት ሰዓት

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ በሀዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐይቁ ያነጠፈው ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ መሬቱን ደልዳላ ስላደረገው፣ ከታቦርና ከአላሙራ ኮረብታዎች በቀር ብስክሌተኛን የሚፈትን ዳገት የለም። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ብዙዎቹም በዛፍ የተጠለሉ ናቸው። የከተማዋ ሰው ለሥራም ለሽርሽርም ብስክሌት መንዳት የለመደው በዚህ ምክንያት ነው። ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ግን ዋና ዋናዎቹ ጎዳናዎች ለብስክሌት ጠበዋል። ዛሬ ሀዋሳ ላይ ያለ ስጋት ለመንዳት ከመንገዱ ይልቅ የሚወስነው ሰዓቱ ነው።

ምርጡ ጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ያለው ነው፤ እሑድ ደግሞ ትንሽ ይረዝማል። በዚህ ሰዓት ባጃጁ ጥቂት ነው፣ ሐይቁም ነፋስ አያነሳም። ከቀትር በኋላ የብሱ ከውሃው ይልቅ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከገብርኤል አደባባይ ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ የሚወርድ ሰው ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል። መውጣት የግድ ከሆነ ጉልበት ሳይደክም መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ሄዶ፣ ሲመለሱ ነፋሱን ከኋላ ማድረግ ይሻላል። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳናን ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነፃ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። ልምዱ በሐይቁ ዳር ቋሚ ቢሆን ለሀዋሳ የሚገባት ነው።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለዩ ናቸው። የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ከየአገሩ ምእመናንን ስለሚያመጣ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያና በፒያሳ በኩል ብስክሌት መግፋት እንጂ መንዳት አይታሰብም።

ለጀማሪ የሚመከረው መስመር ከፒያሳ ተነስቶ በሰፊው ጎዳና ወደ ፍቅር ሐይቅ መውረድና ከዚያ በሐይቅ ዳር ሰፈር ውስጥ ለውስጥ ወደ አሞራ ገደል መሄድ ነው። አሞራ ገደል በትልልቅ ዛፎቹ፣ በጉሬዛዎቹና በዓሣ ገበያው ይታወቃል። ጠዋት ጀልባዎች ሲገቡ መሬቱ በውሃና በዓሣ አንጀት ይንሸራተታል፤ ገበያው ውስጥ ወርዶ መግፋት ለራስም ለሰውም ደኅና ነው። በሰሜን በኩል ከጥቁር ውሃ ድልድይ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው አስፋልት ምንም እንኳ ሜዳ ቢሆን አይመከርም፦ የሞያሌ መስመር ከባድ መኪና፣ አይሱዙና ሚኒባስ ይፈጥንበታል፤ ብስክሌተኛውም የሚሸሽበት በቂ የመንገድ ዳር አያገኝም።

ሜዳ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ የራሱ ድካም ግን አለው። ዳገት የሚወጣ ሰው ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ያሳርፋል። ሜዳ ላይ ግን እግር ያለ እረፍት ይዞራል። ስለዚህ ከካምቢዮ ብዛት ይልቅ የኮርቻ ከፍታ ይበልጣል። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ ጉልበት ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት፤ ከዚያ በእግር ፊት ሲነዱ ጉልበቱ በመጠኑ ይታጠፋል። ኮርቻው ዝቅ ካለ የጉልበት ፊት ያማል፤ ከፍ ካለ ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ካምቢዮ የሌለው ብስክሌት ለከተማው ይበቃል፦ ከፊት 44 ከኋላ 18 ጥርስ ያለው ባለ 26 ኢንች ብስክሌት በአንድ ዙር ፔዳል 5 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በደቂቃ 60 ዙር የሚያዞር ሰው በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል።

የሚከራይ ብስክሌት ከመቀበል በፊት የፊቱን ፍሬን ይዞ ወደ ፊት መግፋት፣ ጎማውን አንስቶ አሽከርክሮ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት) መጣመም አለመጣመሙን ማየት፣ ራጂዎቹን (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ሽቦዎች) በጣት መነካካት ያስፈልጋል። አንድ የላላ ራጂ የጎረቤቶቹን ሸክም ስለሚያበዛ ሌሎቹም በተራ ይሰበራሉ። ካቴናው መሃሉ ላይ በጣት ሲነሳ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ደኅና ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ይወልቃል፤ ከተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታውን ይበላል። የሀዋሳ አቧራ ካቴናን እንደ ሞረድ ይሞርዳል። ካቴናውን በላምባ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በየመጋጠሚያው አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግና ከላይ የቀረውን በጨርቅ መጥረግ ይገባል። ግራሶ የኩሽኔታ እንጂ የካቴና አይደለም፤ አቧራውን ይዞ ያስቀራል።

በጣም የሚያስቸግረው የጎማ ነገር ነው። ለ26 በ1.95 ጎማ አስፋልት ላይ ከ45 እስከ 50 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ኮብልስቶን ላይ ከ35 እስከ 40 ነፋስ ለመካከለኛ ክብደት ሰው ይስማማል። ነፋሱ ካነሰ የድንጋዩ ጠርዝ ካላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር ጨፍልቆ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣበታል። አንድ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ የግራር እሾህ ወይም ኩርንችት ነው። ጎሚስታ ሩቅ ከሆነ ጥገናው ይህ ነው፦ ካላማዳሪውን አውጥቶ በጥቂቱ መንፋትና ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ማግኘት፤ ቦታውን አድርቆ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፤ ማስቲሽ ከልጣፉ ሰፋ አድርጎ ቀብቶ፣ እርጥበቱ ጠፍቶ በጣት ሲነካ የሚጣበቅ እስኪሆን አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ፤ ከዚያ ልጣፉን ከመሃል ወደ ዳር አጥብቆ መጫን። ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ በነጋታው ይነሳል። ከመግጠም በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ መዳሰስ ግዴታ ነው፤ የቀረው የእሾህ ጫፍ አዲሱንም ይበሳል።

በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እርጥብ ቸርኬ ላይ የጎማ ፍሬን ዘግይቶ ስለሚይዝ ቀድሞ ደጋግሞ በመንካት ውሃውን መጥረግ ያስፈልጋል።

ሜዳማ ጫካ ውስጥ መንዳት ለሚሻ የሚቀርበው ከሻሸመኔና ከአርሲ ነገሌ ወዲያ ያለው የአብያታ-ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከሰልና ግጦሽ ያሳሱት የግራር ጫካና ሁለቱ ሐይቆች የሚገኙበት ነው። ብስክሌት ይዞ መግባት እንደሚቻል አስቀድሞ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገርና ከአስጎብኚ ጥበቃ ጋር መሄድ ይገባል። መንገዱ አሸዋ ስለሆነ ቀጭን ጎማ ይሰምጣል፤ ሰፊ ጎማ በ30 ፒኤስአይ ይሻላል። ወደ አብያታ ዳር ሲጠጉ ነጭ ሆኖ የደረቀ የሚመስለው ገጽ ከሥሩ ጭቃ ነው፤ መኪና የሚውጥ ስለሆነ የቀድሞ ኮቴና ጎማ ዱካ ከሌለበት አለመግባት ነው። ከሀዋሳ ብስክሌቱን በሚኒባስ ጣሪያ ሲያስጭኑ ፔዳሎቹን በቺያቤ (በብሎን መፍቻ) አውልቆ፣ መሪውን አዙሮ፣ ካቴናው ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጎ ማሰር ይገባል። የግራው ፔዳል የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ በማዞር ነው፤ ይህን ሳያውቁ በግድ የሚያዞሩ ሰዎች የብሎኑን ጥርስ ያበላሹታል።