የዩኒቨርሲቲ ክፍያና ብክነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ክፍያ ከጨመረ ዩኒቨርሲቲው በለጸገ ማለት ነው።» አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የዓመት ክፍያ ጣሪያው ከ3,375 ወደ 9,000 ፓውንድ ሲወጣ፣ መንግሥት ለማስተማሪያ ይሰጥ የነበረውን ድጎማ አብዛኛውን ቆርጧል። ሸክሙ ከግብር ከፋዩ ወደ ተማሪው ዞረ እንጂ የዩኒቨርሲቲዎቹ ገቢ ሦስት እጥፍ አልሆነም።

«ሁሉም ተማሪ የተለጠፈውን ዋጋ ይከፍላል።» አሜሪካ ውስጥ አይከፍልም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚያገኙ ኮሌጆች የተጣራ ዋጋ ማስያ፣ ማለትም እርዳታው ተቀንሶ ተማሪው የሚከፍለውን የሚገምት ቅጽ፣ በድረ ገጻቸው ላይ የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው። ዋጋ አይታችሁ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን ሙሉ።

«ህንፃ መገንባቱን ቢያቆሙ ክፍያው ይቀንስ ነበር።» ይህ በየስብሰባው ይነሳል፤ የሚያነሱትም ትክክለኛውን ብክነት ሳያዩት ያልፋሉ። ለጋሽ ለህንፃ ብሎ በውል የሰጠውን ገንዘብ ለደመወዝ ማዋል አይቻልም። በብድር ከተሠራ ግን ዋናውና ወለዱ ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ከገቢው ላይ ይቆረጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ነው።

ትልቁ ጉዳት የሚጀምረው ከህንፃው ምረቃ በኋላ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ምክር፣ ለጥገና በየዓመቱ የህንፃው መተኪያ ዋጋ (ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ የሚያወጣው) ከ2 እስከ 4 በመቶ መመደብ አለበት። በዚህ ስሌት 50 ሚሊዮን የሚያወጣ ህንፃ በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይፈልጋል፤ መብራት፣ ጽዳትና ጥበቃ ሳይጨመር። ለዚህ የሚለግስ እምብዛም የለም። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘውም ይኸው ነው። የጣሪያ አሸንዳ ሳይጠረግ ይከርማል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ በመጋጠሚያው ሰርጎ ኮርኒሱንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ይበላል። በጥቂት ሠራተኞች ሥራ ያልቅ የነበረው ጉዳይ ሙሉ ጣሪያ ወደ መቀየር ይሄዳል፤ ያውም በአስቸኳይ ግዥ፣ ዋጋ ለማወዳደር ጊዜ ሳይኖር።

«ክፍል ጠቦናል» የሚለውም መጣራት አለበት። 30 ክፍሎች በሳምንት 45 ሰዓት ክፍት ቢሆኑ 1,350 የክፍል ሰዓት ይገኛል። መርሐ ግብሩ ላይ የተያዘው 600 ከሆነ ከግማሽ በታች ነው፤ የጠበበው ሁሉም የሚሻማበት የረፋዱ ሰዓት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ትምህርት ክፍሎች የመማሪያ ክፍሎቹን እንደ ግል ንብረት መያዛቸው ነው። ድልደላውን ሬጅስትራር በአንድ ቋት ይያዘው፤ አዲስ ህንፃ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

«ዕቃ መግዛት ብክነት አይደለም።» በበጀት መዝጊያ ወር በጥድፊያ የተገዛ የላቦራቶሪ መሣሪያ ብክነት ነው። የጨረታ ሰነዱ ውስጥ ተከላ፣ ሥልጠና፣ መለዋወጫ፣ ኬሚካልና የጥገና ውል ካልተካተቱ መሣሪያው በካርቶኑ እንዳለ ዋስትናው ያልቃል። የተማሪዎች ተወካዮች በጀት ሲቀርብላችሁ የጥገናውን መደብ፣ የክፍሎች አጠቃቀም ሠንጠረዡንና በመጨረሻው ሩብ ዓመት የተፈጸመውን የግዥ ዝርዝር ጠይቁ።