ህልም ወሬኛ አይደለም

"በህልሜ ያየሁት ሰው በልቤ አለ ማለት ነው፣ አይደል?" ይህን ጥያቄ ደሴ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርስም። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ሰው "ራሴን አመመኝ" ብሎ ይመጣል፤ ሊወጣ ሲል በሩን እንደያዘ ህልሙን ያወራኛል።

ስለ ህልም ከሚባሉት ትንንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው። ጥርስ ሲወልቅ ማየት ዘመድ አይገድልም። እዚህ ከተማ ለቅሶ የማይደርስበት ወር ስለሌለ ህልሙ ሁሌ የሠመረ ይመስላል። "እኔ ህልም አላይም" የሚሉም ያያሉ፤ አያስታውሱም እንጂ። ዱካክ ደግሞ ጂን አይደለም። ህልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ሰውነት ይታሰራል፤ ተነስተን ህልማችንን እንዳንሠራው። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ገላ ይዘገያል። ያስፈራል፣ ግን ይለቃል። ጫት ቅሞ ስንት ሌሊት ሲያፈጥ የከረመ ሰው ዱካክ ሲይዘው ጎረቤቱን አይጠርጥር።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። አንዲት ባለትዳር የባሏን ጓደኛ ስታገባ በህልሟ አየች። ሰርጉ ሆጤ ሜዳ ላይ ነው አሉ፣ በግ ሁሉ ታርዷል። አቦል ላይ ለጎረቤት ነገረች። በረካው ሳይቀዳ ወሬው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ደረሰ። ባል አኮረፈ። እኔ ግን የጠየቅኋት ሌላ ነበር፦ በዚያ ሳምንት ምን ነበር? የእህቷ ልጅ ሰርግ እየተደገሰ ነው። ጓደኛው ደግሞ ጣሪያቸውን ሲጠግን ሰንብቷል። በቃ! ህልም የቀኑን ቁርጥራጭ ይሰፋል። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር የምናገኘው ያንኑ ፊት ነው፤ ታዲያ ሌላ ማን በህልማችን ይምጣ?

ጥናትም አለበት። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ነው። ከመተኛታቸው በፊት "ይህን ሰው አታስቡት" የተባሉ ተማሪዎች ይበልጥ ያዩት ያንኑ ሰው ሆነ። ቢመኙትም ባይመኙትም ያው ነው። አያችሁ፣ ሰውየውን የሚጠራው ፍቅር ሳይሆን መግፋቱ ነው።

ለዚህ ነው "ቻለው፣ አታንሳው" የሚለው ምክር የማይዋጥልኝ። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ በእግሩ ከደሴ የወጣ አንድ ጎልማሳ "ረስቼዋለሁ፣ አልሐምዱሊላህ" አለኝ። ሚስቱ ግን ሌሊት እየጮኸ ልጆቹን እንደሚቀሰቅስ ነገረችኝ። እንዲህ ዓይነቱ ተደጋጋሚ ቅዠት ህክምና አለው። በቀን ብርሃን ህልሙን ጻፈው፣ መጨረሻውን እንደፈለግህ ቀይረው፣ አዲሱን በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ በሐሳብህ ተመላለስበት አልኩት። ሳቀብኝ። ቢሆንም ሞከረው፤ ጩኸቱ እየራቀ ሄደ።

በቀየረው ህልም ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሚኒባስ ደርሶ ቤተሰቡን ይጭናል። ሹፌሩ ማን ነው ስለው ስንት ዓመት የተኳረፈውን ጎረቤቱን ጠራልኝ። "በልብህ ይሆናላ!" አልኩት ለነገር።

"ኧረ ወላሂ! ሰፈር ውስጥ ሚኒባስ ያለው እሱ ብቻ ነው።"