ቶክን ምንድን ነው? የኢሜይል ፕሮግራሙስ ፓስወርድ እያለ የሚጨቀጭቀው ለምንድን ነው?

ተንደርበርድ ወይም አውትሉክ ከፍታችሁ ሥራ ልትጀምሩ ስትሉ ያቺ ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች። ፓስወርድ አስገቡ። ታስገባላችሁ። ትጠፋና ተመልሳ ትመጣለች። ፓስወርዱ ደግሞ ትክክል ነው፤ በብሮውዘር ስትሞክሩት ያለምንም ችግር ይገባል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተናዶ ፓስወርዱን ይቀይራል። አትቀይሩ፤ አካውንቴ ተጠልፏል ብላችሁ ካልጠረጠራችሁ በቀር ገና ነው። ሳጥኗ "ፓስወርዳችሁ ተሳስቷል" እያለች አይደለም። እያለች ያለችው "ሰርቨሩ አላስገባም አለኝ" ነው (ሰርቨር ማለት ኢሜይላችሁ የተቀመጠበት የኩባንያው ኮምፒውተር ነው)። ለምን እንዳላስገባው ፕሮግራሙ ራሱ ብዙ ጊዜ በቅጡ አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቃትን አንዲት ነገር ይደጋግማል፤ ፓስወርድ አምጡ።

በዚህ ዘመን ከጀርባው ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቶክን ነው።

ድሮ የኢሜይል ፕሮግራም ፓስወርዳችሁን ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጥና አዲስ መልእክት ሊያመጣ ከሰርቨሩ ጋር በተገናኘ ቁጥር እሱኑ ያቀብል ነበር። ቀላል አሠራር ነው፣ ግን አደጋ አለው። ያ ፓስወርድ ከተሰረቀ ሌባው የሚያገኘው ኢሜይሉን ብቻ ሳይሆን አካውንቱን እንዳለ ነው፤ ፎቶውን፣ ፋይሉን፣ የስልክ ቁጥሮቹን ሁሉ። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ብታበሩ እንኳ በዚህ መንገድ ኮድ የሚጠየቅበት ቦታ የለም።

በቶክን አሠራር ግን ፕሮግራሙ ፓስወርዳችሁን አያየውም። የጎግልን ወይም የማይክሮሶፍትን የራሱን መግቢያ ገጽ ይከፍትላችኋል፣ እዚያ ትገባላችሁ፣ ኮድ ከተጠየቃችሁ ትሰጣላችሁ፣ ይህ ፕሮግራም ኢሜይላችሁን ያንብብ ወይ ሲላችሁ ትፈቅዳላችሁ። ከዚያ ሰርቨሩ ለፕሮግራሙ ለሰው ትርጉም የማይሰጥ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይሰጠዋል። ቶክን ማለት ይኸው ነው። የሆቴል ክፍል ካርድን አስቡት፤ የተፈቀደለትን በር ብቻ ይከፍታል፣ ጊዜው ያልፍበታል፣ ቢጠፋም እሱን መሰረዝ ይበቃል።

እንዲያውም ቶክኖቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዕድሜው አጭር ነው፤ ጎግል ጋ 1 ሰዓት ገደማ ነው የሚቆየው። ሁለተኛው ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሥራውም አጭሩ ባለቀ ቁጥር እናንተን ሳያስቸግር አዲስ ማውጣት ነው። ይህ ሁለተኛው ሲሰረዝ ነው ፕሮግራሙ ወደ እናንተ የሚመጣው። ጂሜይል ላይ ደግሞ የአካውንቱን ፓስወርድ ስትቀይሩ የኢሜይል ቶክኖቹ አብረው ይሰረዛሉ። አትቀይሩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። የቸገራችሁ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ አሁን ስልኩም ታብሌቱም ይጠይቃችኋል።

የአሠራሩ ስም ኦኦዝ 2 ይባላል፣ ደረጃው የወጣውም በ2012 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ኩባንያዎቹ የድሮውን በር መዝጋት ሲጀምሩ ነው። ጎግል በግል አካውንቶች ላይ በተራ ፓስወርድ ብቻ የሚገቡ ፕሮግራሞችን ከሜይ 30፣ 2022 ጀምሮ መከልከል ጀመረ። ማይክሮሶፍት በድርጅት አካውንቶች ላይ ከኦክቶበር 1፣ 2022 ጀምሮ፣ በግል አካውንቶች ላይ ደግሞ ሴፕቴምበር 16፣ 2024 ዘጋ። ስለዚህ "ለዓመታት ሲሠራ የነበረ ነገር እንዴት በአንድ ቀን ይበላሻል" የምትሉ፣ የተበላሸ ነገር የለም። ፕሮግራማችሁ የተዘጋ በር እያንኳኳ ነው።

ተንደርበርድ ላይ እንዴት ይስተካከላል? አካውንት ሴቲንግስ ግቡ፣ ሰርቨር ሴቲንግስ የሚለውን ክፈቱ፣ "ኦተንቲኬሽን ሜተድ" የሚለውን ፈልጉ። "ኖርማል ፓስወርድ" ካለ ወደ ኦኦዝ 2 ቀይሩት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጨረስኩ ብሎ ይወጣል። አልጨረሰም! መላኪያው ሰርቨር የራሱ ቅንብር አለው፤ ከግራ በኩል ካለው ዝርዝር መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ፣ እሱም መቀየር አለበት። ኢሜይል እየገባላችሁ ልትልኩ ስትሉ ብቻ የምትጠየቁ ከሆነ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። ሳጥኗን ራሷን አንብቧት፣ የሰርቨሩ ስም ተጽፎባታል። በአይማፕ ከጀመረ መቀበያው ነው፣ በኤስኤምቲፒ ከጀመረ መላኪያው።

ቀጥሎ የድሮውን ማጽዳት ነው። ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ሴቭድ ፓስወርድስ። የዚያን አካውንት መስመሮች አጥፉና ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱት። መግቢያው ገጽ ከመጣ በኋላ ወዲያው ከጠፋ ኩኪ (ድረ ገጽ እናንተን ለማስታወስ የሚያስቀምጠውን ትንሽ መረጃ) ዘግታችሁ ይሆናል፤ ተንደርበርድ ኩኪ ካልተቀበለ የጎግል መግቢያ አይሠራለትም።

አውትሉክ ላይ የተቀመጡት መግቢያዎች ያሉት ዊንዶውስ ውስጥ፣ ክሬደንሻል ማናጀር በሚባለው ቦታ ነው። ከኦፊስ ጋር የተያያዙትን አሮጌ መስመሮች አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ግቡ። አውትሉክ 2010 የያዘ ሰው ግን ባይደክም ይሻለዋል፤ ያ እትም ይህን አሠራር ጭራሽ አያውቀውም። ከ2016 ወዲህ ያሉት የማይክሮሶፍት አካውንት ላይ ያውቁታል።

ቶክን ለማያውቅ ፕሮግራም ጂሜይል ላይ አፕ ፓስወርድ የሚባል መውጫ አለ። ያሁና አፕልም አላቸው። ጎግል የሚሰጣችሁ 16 ፊደል ነው፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካልበራ አይሰጣችሁም፣ የሚያሳያችሁም አንዴ ብቻ ነው። ኮፒ አድርጋችሁ በፓስወርዳችሁ ቦታ ታስገቡታላችሁ። ዋናውን ፓስወርድ ከቀየራችሁ እሱም ይሰረዛል። እኔ ግን ሌላ አማራጭ ካለ አልመክረውም፤ ያገኘው ሰው ያለ ኮድ ኢሜይላችሁ ውስጥ ይገባበታል።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ከቶክን ጋር ምንም አይገናኝም። ጂሜይል በአንድ አካውንት በአንድ ጊዜ ከ15 በላይ የአይማፕ (የመቀበያ) ግንኙነት አይፈቅድም። ተንደርበርድ ደግሞ ካልነካችሁት ለአንድ አካውንት እስከ 5 ይከፍታል። ቤት አንድ፣ ቢሮ አንድ፣ ላፕቶፕ አንድ፣ ስልክ ሲጨመርበት ሞላ። ሰርቨሩም ለጥቂት ጊዜ ተንገራግጮ ሊሆን ይችላል። ትናንት ሲሠራ ከነበረና ምንም ካልነካችሁ መጀመሪያ ካንስል በሉትና ትንሽ ቆይታችሁ ሞክሩ።