ቦቱሊዝም ምንድን ነው? ጥንብ ከብትን እንዴት ይገድላል?

ቦቱሊዝም ከብትን የሚያሽመደምድ መመረዝ ነው። እንደ ጉንፋን ከአንዱ ወደ ሌላው አይጋባም። መርዙን የምታመርተው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የምትባል ባክቴሪያ ናት። አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝታ ትቆያለች፤ የምትነቃው አየር የሌለበት፣ ሞቅ ያለና የሚበሰብስ ነገር ያለበት ቦታ ስታገኝ ነው። የበሰበሰ ጥንብ ደግሞ ይህን ሁሉ አሟልቶ ይሰጣታል።

መርዙ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበትን መልእክት ይቆርጣል። መጀመሪያ የኋላ እግር ይደክማል፣ ከዚያ ምላስ ይላላል፣ ለሃጭ ይዝረከረካል፣ መዋጥ ያቅታል፣ በመጨረሻ መተንፈሻው ይቆማል። ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለም፤ ከሞተ በኋላ ቢከፈትም ይህ ነው የሚባል ምልክት አይገኝም።

ግን ሣር የምትበላ ላም ከጥንብ ጋር ምን አገናኛት? መልሱ የተገኘው ደቡብ አፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ግድም አርኖልድ ታይለር የሚባል የእንስሳት ሐኪም ፍራይበርግ አካባቢ እየተሽመደመዱ የሚያልቁትን ከብቶች ሲያጠና፣ የግጦሹ አፈር ፎስፈረስ የሚባል ማዕድን እንደሚያንሰው፣ ሣሩም እንደዚያው እንደሆነ፣ ላሞቹም ያጡትን ፍለጋ ሜዳ ላይ የወደቀ አጥንት እንደሚያኝኩ አየ። መርዙ የሚገባው በዚያ አጥንት ነበር። የሞተችው ላም አጥንት ደግሞ ለሚቀጥለው ተረኛ ይተርፋል። የአጥንት ዱቄት በመኖ ሲሰጣቸው ማኘኩም ሞቱም ቀነሰ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፤ ጥፋቱ የጥንቡ ብቻ ሳይሆን የግጦሹም ነው።

ሌላም መንገድ አለው። ድርቆሽ ውስጥ የሞተች አይጥ፣ ወይም የሞቱ ጫጩቶች ያሉበት የዶሮ ፍግ ግጦሽ ላይ ሲበተን ከብት ይመረዛል። ዳክዬዎች ደግሞ ከጥንብ ላይ ትል ለቅመው ይሞታሉ፤ ትሉ መርዙን ይዞ እሱ ምንም አይሆንም።

ስለዚህ የሞተ ከብት ለጅብ ተብሎ አይጣል፤ ጅቡ ሥጋውን ቢበላም አጥንቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ከውኃ ራቅ አድርጎ በጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል ይሻላል። አጥንት የሚያኝክ ከብት ካላችሁ ፎስፈረስ ያለው የሚላስ ማዕድን ስጡት። አሞሌ ይህን አይተካም። ክትባትም አለ፣ የአካባቢያችሁን ሐኪም ጠይቁ። የታመመውን ደግሞ አርዳችሁ አትብሉ።

አንድ ነገር በጣም አደራ! ለሃጩ የሚዝረከረክና መዋጥ ያቃተው ከብት የእብድ ውሻ በሽታም ይዞት ሊሆን ይችላል። ሐኪም ሳያየው እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ።