ኤምአርአይ ላይ «ዲጄኔሬቲቭ» ተጻፈ ማለት ወገብ አለቀ ማለት ነው?

ሰሞኑን ስንቱ ነው የኤምአርአይ ወረቀቱን ይዞ «በቃ፣ አከርካሪዬ ተበልቷል» የሚለው! እስቲ ረጋ እንበል። ያ ቃል የሚለው በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለው ዲስክ የሚባለው ትራስ መሰል ነገር ውሃው ቀንሶ ሳስቷል፣ አንዳንዴም ከኋላ ያሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ሽፋናቸው አልቋል ነው። እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነገር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ ምንም ሕመም የሌላቸውን ሰዎች ምስል ሲያይ፣ ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶ፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶ የሚሆኑት ላይ ይህንኑ የዲስክ ለውጥ አገኘ። ልብ በሉ፣ አንዳቸውንም ወገባቸውን አያማቸውም።

ጅማ ሂርማታ ገበያ የቡና ጆንያ የሚሸከም የ50 ዓመት ሰውና ቢሮ ተቀምጦ የሚውል እኩያው አንድ ዓይነት ምስል ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱ ጎንበስ ማለት ሲያቅተው ሌላው ምንም አይሰማው ይሆናል። ስለዚህ ምስሉ ብቻውን የሕመሙን ምክንያት አይናገርም፣ ሐኪሙ ከምርመራው ጋር አያይዞ ነው የሚያነበው።

ከሰው ሰው የሚለየው ሕመሙ የሚቆይበት ጊዜና የሚያሻለው ነገር ነው። አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይቀላል። አልጋ ላይ ተኝቶ መክረም ግን አይመከርም፣ እንደ አቅም መንቀሳቀስ ይሻላል።

እግር ከዛለ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለም አትዘግዩ፣ የአከርካሪ ቲቢ እኛ አገር አለ።