ፉቱር ፕሮሽ፦ የፈረንሳይኛው ቅርብ ትንቢት

ፉቱር ፕሮሽ በፈረንሳይኛ ስለሚመጣ ነገር ለመናገር ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር ከሌላው ትንቢት (የወደፊት ጊዜ)፣ ግሱ ራሱ ከሚረባበት ከፉቱር ሳምፕል፣ ይልቅ በብዛት የሚሰማው እሱ ነው። ጀማሪ ተማሪም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚማረው ይህንኑ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ ማብራሪያ እንደ ልብ ስለማይገኝ እዚህ ሰብሰብ ተደርጎ ቀርቧል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አሌ፣ ማለትም «መሄድ» የሚለው ግስ፣ በአሁን ጊዜ ይረባል። ከኋላው ዋናው ግስ ሳይረባ ይከተላል። እርባታው ዠ ቬ (እኔ)፣ ቱ ቫ (አንተ፣ አንቺ)፣ ኢል ቫ (እሱ)፣ ኑ ዛሎን (እኛ)፣ ቩ ዛሌ (እናንተ፣ እርስዎ)፣ ኢል ቮን (እነሱ) ነው። እነዚህን ስድስቱን የያዘ ሰው የፈለገውን ግስ ከኋላ መቀጠል ይችላል። ዠ ቬ ፓርቲር «ልሄድ ነው»፣ ኑ ዛሎን ማንዤ «ልንበላ ነው» ይሆናል። አሌ ራሱም ከራሱ ኋላ ይገባል፦ ዠ ቬ አሌ።

ተማሪ የሚሳሳተው በቃላቱ ቦታ ላይ ነው። አሉታ ሲሆን የአሉታ ቃላቱ ን እና ፓ የሚያቅፉት የመጀመሪያውን ግስ ብቻ ነው፦ ዠ ን ቬ ፓ ሶርቲር፣ «አልወጣም»። ተውላጠ ስም ግን ከሁለተኛው ግስ ጎን ይቆማል። «ላደርገው ነው» ለማለት ዠ ቬ ለ ፌር ይባላል እንጂ ዠ ለ ቬ ፌር አይባልም። «ልነሳ ነው» ሲባልም ዠ ቬ ም ለቬ፣ ለሌላው ሰው ደግሞ ቱ ቫ ት ለቬ ነው። ሁለተኛው ግስ አይረባም ማለት በውስጡ ያለው «ራሴን፣ ራስህን» የሚለው ቃል አይለወጥም ማለት አይደለም። በጽሑፍ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ማንዤ («መብላት») እና ማንዤ («የተበላ») ድምፃቸው አንድ ሆኖ ፊደላቸው ይለያያል። ይህ ፈረንሳውያን ተማሪዎችንም የሚያስቸግር ነገር ስለሆነ የኛ ተማሪ ቢሳሳት ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም።

ስሙ «ቅርብ» ይበል እንጂ ጉዳዩ የሰዓት አይደለም። ከ10 ዓመት በኋላ ጡረታ የሚወጣ ሰውም ዠ ቬ ብሎ መጀመር ይችላል። ዋናው ነገር የሚመጣው ነገር ከአሁን ጋር መያያዙ ነው። ውሳኔው ተወስኗል፣ ምልክቱ ታይቷል፣ ነገሩ ተጀምሯል። ሰማዩ ሲጠቁር ኢል ቫ ፕለቭዋር፣ «ሊዘንብ ነው» ይባላል። ኤል ቫ አቭዋር አን ቤቤ የሚባልላት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ነፍሰ ጡር ናት። በፉቱር ሳምፕል ኤል ኦራ አን ቤቤ ከተባለ ግን አንድ ቀን ልጅ ይኖራታል ማለት ሊሆን ይችላል። ልጁ ወንበር ላይ ቆሞ ሲወዛወዝ ያየች እናት ቱ ቫ ቶምቤ! ብላ ትጮኻለች። የኛዋ እናት «ልትወድቅ ነው!» እንደምትለው ማለት ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። «እሄዳለሁ» እና «ልሄድ ነው» የሚለውን ልዩነት ከልጅነቱ ያውቀዋል። ፉቱር ፕሮሽን በ«እሄዳለሁ» ብቻ ማስተማር ይህን ስንቅ ማባከን ነው። ያለፈውም ይገጥማል፦ ዣሌ ሶርቲር «ልወጣ ነበር» ወይም «ልወጣ ስል» ይሆናል። መመሳሰሉ ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። በአሉታ ጊዜ እኛ «አልሄድም» እንላለን፣ «ልሄድ አይደለም» ማለት ሌላ ነገር ነው። ያ የ10 ዓመቱ ጡረታም በአማርኛ «ልወጣ ነው» ቢባል ይጎረብጣል።

ታሪኩን በተመለከተ፣ የላቲን ተናጋሪዎች «መዘመር አለኝ» እንደማለት ያለ አነጋገር ነበራቸው። ሁለቱ ቃላት ተዋህደው የዛሬው ፉቱር ሳምፕል ወጣ። ለትንቢት የሚያገለግለው የአሌ አነጋገር በ15ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እየጎላ እንደመጣ ይታመናል። በዚያው ዘመን ይኸው አነጋገር ያለፈ ታሪክ ለመተረክም ያገለግል ነበር። ጎረቤቱ ካታላንኛ ዛሬም በ«መሄድ» የሚናገረው ያለፈውን ነው።

በደንብ የተመዘገበው 17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የፈረንሳይኛ ሰዋስው ሊቁ ክሎድ ፋቭር ደ ቮዥላ እ.ኤ.አ. በ1647 ባሳተመው መጽሐፉ ዠ ቬ ይሻላል ወይስ ዠ ቫ የሚለውን ክርክር አንስቷል። እንደ እሱ አባባል የተማሩት ዠ ቬ ይሉ ነበር፣ ቤተ መንግሥቱ ግን ዠ ቫ ይል ነበር። በመጨረሻ ያሸነፈው የተማሩት አነጋገር ነው። በ1660 የወጣው፣ የፖር ርዋያል ሰዋስው የሚባለው ታዋቂ መጽሐፍም ወዲያው ስለሚሆን ነገር ሲያብራራ ይህን አነጋገር በምሳሌነት ጠቅሷል። በ1702 የሞተው የሰዋስው ሊቅ ዶሚኒክ ቡኡር ደግሞ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ «ዠ ቬ ወይም ዠ ቫ ሙሪር፣ በሁለቱም ይባላል» ብሎ እንዳረፈ ይተረካል። ሙሪር «መሞት» ነው። ታሪኩ እውነት ይሁን አፈ ታሪክ፣ ምሳሌው ግን ትክክለኛ ፉቱር ፕሮሽ ነው።

የተሸነፈው ዠ ቫ ባሕር ማዶ አልጠፋም። በካናዳ ኬቤክ በተራው ሰው ንግግር ዛሬም ይሰማል። እዚያ ፉቱር ሳምፕል በንግግር በብዛት የሚወጣው በአሉታ ዐረፍተ ነገር ነው። ከፈረንሳይኛ በተወለደው የሄይቲ ቋንቋ፣ በሄይቲ ክሬዮል፣ ደግሞ አሌ ከሌላ ቃል ጋር ተዋህዶ ፕራል ሆኗል፦ ም ፕራል ማንዤ፣ «ልበላ ነው»።

ፈረንሳይኛ በአገራችን የቆየ ሥር አለው። አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴ በአዲስ አበባ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፣ ሊሴ ገብረ ማርያም ደግሞ በ1947። ትውልድን በፈረንሳይኛ ያነጹ ስመ ጥር ቤቶች ናቸው። ጎረቤታችን ጅቡቲ በፈረንሳይኛ ትሠራለች፣ የአፍሪካ ኅብረትም ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የሚማር ሰው ልምምድ አያጣም። ፉቱር ፕሮሽ የሚሰጠው በመጀመሪያው የኤ1 ደረጃ ሲሆን፣ «ቅዳሜና እሁድ ምን ልታደርግ ነው?» የሚለው ጥያቄ የተለመደው መለማመጃ ነው፦ ኬስ ከ ቱ ቫ ፌር ስ ዊኬንድ?