የጂን መገለጽ ምንድን ነው? በአይጥ ሬቲና በኩል ሲታይ

ነገሩ የሚጀምረው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ክላይድ ኪለር የሚባል የሃርቫርድ ተማሪ የአይጦችን ዓይን በስሱ እየቆረጠ በማይክሮስኮፕ ያይ ነበር። አንዳንዶቹ ላይ የሆነ ነገር ጎደለበት። ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎች የሚደረደሩበት ንብርብር የለም። የቀረው የሬቲና፣ ማለትም የዓይኑ የውስጥ ጀርባ ሽፋን፣ ክፍል በቦታው አለ። ያ ንብርብር ግን ድራሹ ጠፍቷል። ኪለር በ1924 ጉድለቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ መሆኑን ጽፎ አሳተመ። አይጦቹንም «ዘንግ አልባ» አላቸው፤ ዘንግ የሚባሉት በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት ሴሎች ናቸው።

ኪለር የደረሰው ቤቱ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ነው። አመዱን አየ እንጂ እሳቱን አላየም። ዛሬ ያሉ ተመራማሪዎች የሚጠይቁት ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ሴሎቹ ከመሞታቸው አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ውስጣቸው ምን እየተሠራ ነበር? ይህን ለማወቅ የሚያዩት የጂን መገለጽ የሚባለውን ነገር ነው።

ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ከባድ አይደለም። በአንድ አይጥ ሰውነት ውስጥ ያለ ሴል ሁሉ፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ የያዘው ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው። የጉበቱም የዓይኑም ያው ነው። የፕሮቲን መመሪያ የያዙ 20,000 አካባቢ ጂኖች አሉበት። የሰውም ቁጥር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ታዲያ ጉበት ለምን አያይም? ሮዶፕሲን የሚባለው፣ ብርሃን የሚያጠምደው ፕሮቲን መመሪያው ጉበትም ጋ አለ። አለ፣ ግን አይከፍተውም።

መዝገብ ቤት ያለው መሥሪያ ቤት አስቡ። ዋናው ሰነድ ከመዝገብ ቤት አይወጣም። የሚወጣው ፎቶ ኮፒው ነው፤ ሥራውም የሚሠራው በእሱ ነው። ዲኤንኤ ዋናው ሰነድ ነው። የሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ተቆልፎበት ይኖራል። ኮፒው መልእክተኛ አርኤንኤ ይባላል። ከኒውክለስ ይወጣና ፕሮቲን ይሠራበታል። አንድ ጂን ተገለጸ የሚባለው ኮፒው ወጥቶ ሥራ ላይ ሲውል ነው። እንግዲህ ከአንድ ሴል ውስጥ ኮፒዎቹን ሰብስቦ የቆጠረ ሰው፣ ያ ሴል በዚያ ሰዓት በምን ሥራ እንደተጠመደ በግምት ያውቃል። በግምት ያልኩት በምክንያት ነው። ኮፒ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ የሚቀር ወረቀት አለ። የኮፒው ብዛትና የፕሮቲኑ ብዛት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ለዚህ ሥራ ሬቲና ለምን ተመረጠ? ሬቲና ከዓይን ጀርባ በውስጥ በኩል የተነጠፈ ስስ ሽፋን ነው። በአፈጣጠሩ የአንጎል ክፍል ነው፤ ሽሉ ውስጥ ከአንጎል ወጥቶ ነው ዓይን የሚሆነው። ልዩነቱ የራስ ቅል ሳይከፈት መገኘቱ ነው። የሴሎቹ ዓይነቶች በሦስት ንብርብር ተደርድረው ስለተቀመጡ ማን የት እንዳለ ለመለየትም አያስቸግርም። ደግሞ አይጥ ሬቲናዋ ቢጠፋ አትሞትም። በማሽተትና በጢሟ እየዳሰሰች ትበላለች፣ ትወልዳለች። አንጎሏ ወይም ልቧ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት ቢደርስ ኖሮ የሚጠና እንስሳ አይገኝም ነበር።

ሌላው ጥቅም ጊዜው ነው። አይጥ የምታረግዘው ሦስት ሳምንት ለማይሞላ ጊዜ ነው። ልጆቿ ሲወለዱ ዓይናቸው ገና ድፍን ነው፤ የሚገለጠው ከ12 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ በሰው ላይ በአብዛኛው ማህፀን ውስጥ የሚያልቀው የሬቲና ሥራ በአይጥ ላይ ግማሹ ከተወለደች በኋላ፣ እያየነው ይከናወናል።

የሴሎቹ አመጣጥም ተራ አለው። መጀመሪያ፣ በእርግዝናው 11ኛ ቀን አካባቢ፣ ወደ አንጎል መልእክት የሚልኩት ጋንግሊዮን ሴሎች ብቅ ማለት ይጀምራሉ። የቀን ብርሃንና ቀለም የሚለዩት ሾጣጣ ሴሎችም ከመወለዷ በፊት ይመጣሉ። በደብዛዛ ብርሃን የሚያዩት ዘንግ ሴሎች በብዛት የሚፈጠሩት ግን በልደቷ ቀን አካባቢ ነው። በመጨረሻ ባይፖላርና ሙለር የሚባሉት ይከተላሉ። ሁሉም የሚወጡት ከአንድ ዓይነት እናት ሴሎች ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በየትኛው ሰዓት የትኛው ጂን ተከፈተ የሚለው ነው።

አንዳንድ ጂኖች ሥራቸው ሌሎች ጂኖችን መክፈትና መዝጋት ነው። ፓክስ 6 ገና ከጅምሩ ዓይን እንዲሠራ ከሚያዙት አንዱ ነው። ከሁለቱ ቅጂዎቹ አንዱ የተበላሸባት አይጥ ዓይኗ ትንሽ ሆኖ ይቀራል። ሰው ላይ ያው ጉድለት አይሪስ ሳይኖር መወለድን ያመጣል። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ኤንአርኤል የሚባለው ነው። በ2001 የአናንድ ስዋሩፕ ቡድን ይህን አንድ ጂን ከአይጦች አጠፋ። ዘንግ ሴሎቹ ይሞታሉ ብሎ የጠበቀ ካለ ተሳስቷል። አልሞቱም፤ ሾጣጣ መሰሉ። ቦታው ላይ አሉ፣ ግን የሚያወጡት ኮፒ የሌላ ሴል ነው። በ2007 ደግሞ ተቃራኒው ታየ። ሾጣጣ ሊሆኑ የነበሩ ሴሎች ውስጥ ኤንአርኤል እንዲከፈት ሲደረግ ዘንግ ሆነው አረፉት። የአንድ ሴል ማንነት በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ሲገኝ ትንሽ ያስደነግጣል።

አሁን ወደ ላብራቶሪው ጠረጴዛ እንጠጋ። የአይጥ ዓይን ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር ፊቱ ይቆረጣል፣ ክብ እንደ ዶቃ ያለው ሌንስ ይወጣል፣ ከዚያ ሬቲናው እንደ ረጠበ ሶፍት ይላጣል። እጅ ካልፈጠነ ሥራው ገደል ገባ። አርኤንኤ ዕድሜው አጭር ነው። የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች ሴሉ ውስጥም፣ ጓንት ያላደረገ ጣት ላይም አሉ። ስለዚህ ሬቲናው ወዲያው ይቀዘቅዛል ወይም አርኤንኤን በሚጠብቅ ፈሳሽ ውስጥ ይገባል።

ሰዓቱም ራሱ ጣጣ አለው። ዘንግ ሴሎች ጫፋቸውን በየቀኑ ይገፍፋሉ፤ የሚገፍፉትም በብዛት ጠዋት ብርሃን ሲመጣ ነው። የተገፈፈውን ከጀርባ ያለው ጠቆር ያለ ሽፋን ይውጠዋል። ብዙ ጂኖችም ከሰዓቱ ጋር ይወጣሉ ይወርዳሉ። የታመሙትን ጠዋት፣ ጤነኞቹን ከሰዓት የሰበሰበ ሰው የበሽታና የሰዓት ልዩነትን አደባልቆ ነው የሚቆጥረው።

ወደ ኪለር አይጦች እንመለስ። ዛሬ ብዙ ላብራቶሪ ውስጥ የሚኖር «አርዲ 1» የሚባል የአይጥ ዝርያ አለ። በ1990 ጉድለቱ የት እንዳለ ታወቀ። ፒዲኢ 6 የሚባለው ኢንዛይም አንዱን ክፍል የሚሠራው ጂን ተበላሽቷል። ይህ ኢንዛይም ዘንግ ሴል ውስጥ ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባለውን ነገር ይሰብራል። ኢንዛይሙ ካልሠራ ነገሩ ይከማቻል፣ የሴሉ በሮች ተከፍተው ይቀራሉ፣ ካልሲየም ይጎርፋል። ከተወለዱ በሁለተኛው ሳምንት ላይ ዘንግ ሴሎቹ መሞት ይጀምራሉ። ጤነኛ አይጥ ላይ 10 ገደማ ረድፍ ኒውክለስ የሚቆጠርበት ንብርብር በ21ኛው ቀን አንድ ረድፍ ብቻ ይቀረዋል። ዓይናቸው ከተገለጠ ገና ሳምንት አልፎት እኮ ነው።

እንግዲህ የ21 ቀን አርዲ 1 አይጥና እኩያዋ ጤነኛ አይጥ ሬቲናቸው ተወስዶ ኮፒዎቹ ተቆጠሩ እንበል። የሮዶፕሲን ኮፒ እጅግ ወርዷል። የሌሎች ብዙ ጂኖች ኮፒ ደግሞ ጨምሯል። ቸኩሎ የሚያነብ ሰው «በሽታው ሮዶፕሲንን ዘጋ፣ እነዚያን ደግሞ ከፈተ» ይላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

ጣት እየቆጠርን እንየው። 100 ሴል አለን እንበል፤ 75ቱ ዘንግ፣ 25ቱ ሌሎች። (በአይጥ ሬቲና ዘንጎቹ በእርግጥም አብላጫውን ይይዛሉ።) እያንዳንዱ ሴል እኩል ኮፒ ያወጣል እንበል። ከጤነኛው 100 ኮፒ ብንዘግን 25ቱ የሌሎቹ ነው። አሁን ዘንጎቹ ሁሉ ሞቱ። ላብራቶሪው ከሁለቱም እኩል መጠን ያለው አርኤንኤ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ከታመመውም 100 ኮፒ ይዘግናል። አሁን 100ውም የሌሎቹ ነው። ከ25 ወደ 100፤ አራት እጥፍ ጨመረ! ከእነዚያ ሴሎች አንዱም ግን ከትናንቱ የተለየ አንዲት ኮፒ አላወጣም። የተለወጠው ከጎናቸው የነበሩት ጎረቤቶች መሞታቸው ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ፣ የአንድ ክፍል ፎቶ ኮፒ ጠፋ ማለት ሥራ ቀንሷል ማለት ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ተዘግቶ ሠራተኞቹ ተበትነውም ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ብቻውን ይህን አይነግርም። በእኔ አስተያየት ስለ ሬቲና መመናመን የሚወጣ የጂን መገለጽ ውጤት ሲቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት «ስንት ጂን ተለወጠ?» አይደለም። «በዚያ ዕድሜ ስንት ሴል ቀርቶ ነበር?» ነው።

ለዚህ መላ ተፈልጎለታል። አንዱ ቀድሞ መድረስ ነው። ሴሎቹ መሞት ሳይጀምሩ ናሙና ከተወሰደ፣ የሚታየው ለውጥ ከሕያው ሴል የመጣ ነው። ሌላው ኮፒዎቹን ባሉበት ማየት ነው። ሬቲናው በስሱ ተቆርጦ የሚፈለገው ኮፒ ቀለም ይሰጠዋል፤ የትኛው ንብርብር ላይ እንዳለ በዓይን ይታያል። በ2004 የኮኒ ሴፕኮ ላብራቶሪ ከሽል እስከ አዋቂ አይጥ ድረስ ከሺህ በላይ ጂኖችን በዚህ መንገድ ተከታትሎ አውጥቷል። ምን ያህል ትዕግሥት እንደጠየቀ ልብ በሉ።

ጨዋታውን የለወጠው ግን ሴሎቹን አንድ በአንድ የመቁጠር ዘዴ ነው። ሬቲናው ተበታትኖ እያንዳንዱ ሴል በየራሱ ጠብታ ውስጥ ይገባል። ጠብታዋ ለኮፒዎቹ መለያ ቁጥር ትለጥፋለች። በኋላ ሁሉም ተደባልቆ ቢነበብ እንኳ የትኛው ኮፒ ከየትኛው ሴል እንደወጣ ይታወቃል። በ2015 ይህ ዘዴ ሲተዋወቅ የተሞከረው በአይጥ ሬቲና ላይ ነበር። 44,808 ሴሎች ተነበቡ፤ በሚያወጡት ኮፒ በ39 ምድብ ተከፈሉ። ያ ማለት ግን ችግር አለቀ ማለት አይደለም። ሴሎቹን መበተን ራሱ ያስጨንቃቸዋል፤ የጭንቀት ጂን ይከፍታሉ። ከእያንዳንዱ ሴል የሚያዘውም ከኮፒዎቹ ከፊሉ ብቻ ነው።

በእርግጥ የሚጨምሩ ጂኖችም አሉ። ሬቲናውን ከላይ እስከ ታች ደግፈው የያዙት ሙለር ሴሎች ጉዳት ሲሰማቸው ጂኤፍኤፒ የሚባል ፕሮቲን በብዛት ማምረት ይጀምራሉ። ጤነኛ ሬቲና ላይ እነሱ ውስጥ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው። ሴሎቹ ሌላው ቢሞትም እዚያው ስላሉ፣ ይህ ጭማሪ የቁጥር ማታለያ አይደለም። ጉዳት ያየ ተመራማሪ መጀመሪያ ከሚፈልጋቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው።

የሾጣጣዎቹ ነገር ደግሞ ያሳዝናል። አርዲ 1 ላይ የተበላሸው ጂን የዘንጎቹ ነው፤ ሾጣጣዎቹ በራሳቸው የሌላ ጂን ነው የሚጠቀሙት። ዘንጎቹ ካለቁ በኋላ ግን እነሱም ቀስ እያሉ ይከተላሉ። በ2004 አንዱ ምክንያት ተገኘ፤ ዘንጎቹ ሾጣጣዎቹን በሕይወት የሚያቆይ ፕሮቲን ያመርቱ ነበር። ሰውም ላይ ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ በሚባለው በሽታ መጀመሪያ የሚጠፋው የማታ እይታ ነው፤ የቀኑ ይከተላል። ከአይጥ ወደ ሰው ሲሄድ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አይጥ የሌሊት እንስሳ ናት፤ ከብርሃን ተቀባይ ሴሎቿ 97 ከመቶ ያህሉ ዘንግ ናቸው። ሰው ለማንበብ የሚጠቀምበት የሬቲናው መሃል ነጥብም የላትም።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ብዙ ላብራቶሪዎችን ጉድ ስለሠራ። የአርዲ 1 ጉድለት ሲ 3 ኤችና ኤፍቪቢ በሚባሉት የተለመዱ የአይጥ ዝርያዎች ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ለሌላ ጥናት የተገዛ «ጤነኛ» አይጥ ዕውር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በ2012 ደግሞ ሌላ የሬቲና ጉድለት፣ አርዲ 8 የሚባለው፣ በጣም ከሚታመነው ዝርያ በአንዱ ቅርንጫፍ ውስጥ እንዳለ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ሰው ኮፒ ከመቁጠሩ በፊት የአይጧን ዋና ሰነድ ያስመረምራል።

የኪለር አይጦች ራሳቸው የት ደረሱ? ዝርያው ከጊዜ በኋላ ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ነበር፤ አርዲ 1 እነሱው መሆናቸው አከራካሪ ሆኖ ቆየ። በ1993 ተመራማሪዎች 70 ዓመት የቆዩትን የማይክሮስኮፕ መስታወቶች አውጥተው ከደረቀው ቁራጭ ላይ ዲኤንኤ አነበቡ። ጉድለቱ ያው ሆነ። ኪለር ያኔ 93 ዓመቱ ነበር፤ ከጽሑፉ ደራሲዎች አንዱም እሱ ነው። መስታወቱ ላይ የተገኘው ግን ዋናው ሰነድ ነው። አይጦቹ በሞቱበት ቀን የትኞቹ ኮፒዎች ወጥተው እንደነበር የዲኤንኤው ንባብ አይናገርም።